የመጨረሻዎቹ የእርግዝና ሳምንታት፦ ድሬዳዋ ልውለድ ወይስ እናቴ ዘንድ ሐረር ልሂድ?

ጥያቄ ከ«ሳቢያንዋ»

ሰላም ለሁላችሁ፣ እኅቶቼና እናቶቼ። ይህ የመጀመሪያ እርግዝናዬ ሲሆን 34ኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ነው፤ ክትትሌንም ከመጀመሪያው ጀምሮ የማደርገው በሰፈራችን ጤና ጣቢያ ነው። እስካሁን የደም ግፊቴም ሆነ የደምና የሽንት ምርመራዬ ደኅና እንደሆነ ተነግሮኛል።

እናቴ ሐረር ናት። የበኩር ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል፣ ደግሞም የድሬን የሰኔ ሙቀት ከነሆድሽ አትችይውም እያለች ቀኔ ሳይደርስ ወደ እርሷ እንድሄድ አጥብቃ ትጠይቀኛለች። ባለቤቴ በበኩሉ ሥራውም፣ የእኔም ክትትል እዚሁ ስለሆነ እዚሁ እንድወልድ ይፈልጋል። ሁለቱንም ማስቀየም አልፈልግም፤ ነገር ግን ውሳኔው የሚመዘነው በምን እንደሆነ ስላላወቅሁ ነው እዚህ መጠየቄ።

ሌላው፣ በእነዚህ ቀሪ ሳምንታት ምን እንደሚጠብቀኝ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ከሰዓት በኋላ እግሬ ጫማ እስከማይገባልኝ ድረስ ያብጣል፤ ጎረቤቶቼ ሙቀቱ ነው ይላሉ። አንዳንድ ጊዜ ሆዴ ድንጋይ ሆኖ ይቆይና ይለቅቀኛል። እውነተኛውን ምጥ በምን ልለየው? ቡና ላይ በተቀመጥን ቁጥር አንዷ ተልባ ጠጪ ትለኛለች፣ ሌላዋ ሆድሽን ታሽተሽ ልጁን ታስተካክልልሽ ትለኛለች፤ እኔ ግን ማንን እንደምሰማ አላውቅም። ለእኔና ለልጁ ምን ምን ማዘጋጀት እንዳለብኝም ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።


መልስ ከ«አዋላጇ»

እኅቴ፣ እንኳን ለዚህ ወር አደረሰሽ። በዚሁ በምሥራቁ አገር በአዋላጅነት የምሠራ ነኝና የማውቀውን ልጻፍልሽ፤ ሆኖም እኔ ከሩቅ ሆኜ የምነግርሽ ካርድሽን ይዛ ሆድሽን የምትመረምረው ባለሙያ የምትነግርሽን እንደማይተካ አስቀድመሽ ያዥልኝ።

በቦታው ጉዳይ ልጀምር። ከሕክምናው አንጻር ከሆነ በሁለቱም ከተሞች አስፈላጊ ሲሆን በቀዶ ሕክምና የሚያዋልዱ ሆስፒታሎች አሉ፤ ድሬዳዋ ድል ጮራና ሳቢያን፣ ሐረር ደግሞ ሕይወት ፋናና ጁገል ይገኛሉ። ስለዚህ ከየት ከተማ ይልቅ የሚያሳስበኝ መቼ እንደምትወስኚ ነው። በእኔ አስተያየት ውሳኔው 36ኛው ሳምንት ሳያልፍ መቆረጥ አለበት። ከድሬ ሐረር ያለው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም የደንገጎን ዳገትና ጠመዝማዛ ታውቂዋለሽ፤ ምጥ ከጀመረሽ በኋላ በሌሊት እዚያ ላይ ከመገኘት ሁለቱም ከተሞች ይሻላሉ። ለመሄድ ከወሰንሽ ምጡ ገና ሳይታሰብ ሂጂ፤ ካርድሽን ወይም ግልባጩን ይዘሽ፣ እዚያ በደረስሽ በቀናት ውስጥ ወደ ጤና ተቋም ሄደሽ ተመዝገቢ። ካርዱ ላይ የደም ዓይነትሽና አርኤች (ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ መሆኑ)፣ የሄሞግሎቢን መጠንሽ፣ የኤችአይቪ፣ የጉበት ቫይረስ ቢና የቂጥኝ ምርመራ ውጤትሽ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትሽ፣ እንዲሁም አልትራሳውንድ የተነሣሽበት ቀን መጻፉን እይ። በምጥ ላይ ሆና ያለ ካርድ የምትመጣ እናት ለእኛ ገጽ የሌለው መጽሐፍ ናት፤ ሁሉን ከመጀመሪያው እንጀምራለን።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ያወጣው መመሪያ በእርግዝና ጊዜ ቢያንስ ስምንት ክትትል ይመክራል፤ አገራችንም ይህንኑ ተቀብላለች። ከእነዚህ ውስጥ በ34፣ በ36፣ በ38 እና በ40 ሳምንት የሚደረጉት አራቱ የሚወድቁት አንቺ አሁን ባለሽበት ጊዜ ነው። ደኅና ነኝ ብለሽ አንዱንም አትዝለይ፤ በተለይ የ36ኛው ሳምንቱን። በዚያ ጊዜ የልጁ ጭንቅላት ወደ ታች መዞሩ ይታያል። በመቀመጫው የመጣ ከሆነ የመውለጃ ቦታሽ ጤና ጣቢያ መሆኑ ይቀርና ወደ ሆስፒታል ትላኪያለሽ፤ ይህን ቀድሞ ማወቅና በምጥ መካከል ማወቅ እጅግ ይለያያል። ሆድ ማሸት የሚሉሽን ጎረቤቶች በዚሁ ምክንያት ነው የማልደግፋቸው። በልምድ የሚታሸው ሆድ የእንግዴ ልጁን ከማኅፀን ግድግዳ ሊያላቅቅና ደም ሊያፈስስ ይችላል። ልጅን ከውጭ ማዞር የሚቻልበት ሕክምና መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚሠራው በሆስፒታል፣ የልጁ የልብ ምት እየታየና ቀዶ ሕክምና በሚደረግበት ቤት ነው።

አሁን ወደ እግርሽ እብጠት። ጎረቤቶችሽ ሙቀቱ ነው ማለታቸው በአብዛኛው ልክ ነው። በድሬ ሙቀት ነፍሰ ጡር ያልሆነውም ሰው እግሩ ያብጣል፤ ማኅፀን ደግሞ ከታች የሚመለሰውን ደም ይጫነዋል። ጠዋት ቀንሶ ማታ የሚጨምር፣ ሁለቱን እግር እኩል የሚይዝና እግርሽን ከፍ አድርገሽ ስትጋደሚ የሚቀል እብጠት የተለመደ ነው። ይሁንና «ሙቀቱ ነው» የሚለው አባባል በከተማችን አንድ አደገኛ ነገር ይሸፍናል፤ እርሱም ከእርግዝና ጋር የሚመጣው የደም ግፊት ነው። እብጠቱ ጠዋት ስትነሺ ፊትሽንና እጅሽን ከያዘ፣ ቀለበትሽ ድንገት ከጠበበብሽ፣ በሕመም ማስታገሻ የማይለቅ ራስ ምታት ከያዘሽ፣ ዓይንሽ ብዥ ካለ ወይም ብልጭ ብልጭ ካለብሽ፣ ከጎድን አጥንትሽ በታች በቀኝ በኩል ወይም እምብርትሽ በላይ ከባድ ሕመም ከተሰማሽ፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዚያው ሰዓት ሂጂ። ግፊቱ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሽንትሽ ለፕሮቲን ይመረመራል፤ ሁኔታው ከባድ ሆኖ ከተገኘ መንቀጥቀጥን የሚከላከለው ማግኒዥየም ሰልፌት ይሰጥሻል። አንድ እግር ብቻ አብጦ የሚያምሽና የሚሞቅ ከሆነም ራሱን የቻለ አስቸኳይ ነገር ነው፤ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል።

የልጁን እንቅስቃሴ አሁን በደንብ ታውቂዋለሽ ብዬ አምናለሁ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ቦታ ስለሚጠበው አዟዟሩ ሊለወጥ ይችላል እንጂ እንቅስቃሴው መቀነስ የለበትም፤ «ሊወለድ ሲል ዝም ይላል» የሚባለውን አትስሚ። ቀንሶብኛል ብለሽ ከጠረጠርሽ ቀላል ነገር ብይ፣ ውኃ ጠጪ፣ በግራ ጎንሽ ተጋደሚና ልብ ብለሽ ቁጠሪ። በሁለት ሰዓት ውስጥ አሥር እንቅስቃሴ ካልሞላልሽ እስኪነጋ አትጠብቂ። ስትተኚም በጀርባሽ ሳይሆን በጎንሽ ይሁን፤ ማኅፀኑ ትልቁን የደም ሥር ስለሚጫን ወደ ልጁ የሚሄደው ደም ይቀንሳል።

ሆድሽ ድንጋይ ሆኖ የሚለቅቅሽ የልምምድ ምጥ ይባላል። ሰዓት አይጠብቅም፣ እየጠነከረ አይሄድም፣ ውኃ ስትጠጪና አረፍ ስትዪ ይተውሻል። በሙቀት ውኃ ያነሰው ሰውነት ማኅፀንን ስለሚያስቆጣ የድሬ ሴቶች በግንቦትና በሰኔ ይህ በጣም ይበዛባቸዋል። እውነተኛው ምጥ ብትንቀሳቀሺም ብትጋደሚም አይተውሽም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከወገብ ተነሥቶ ወደ ፊት ይዞራል፣ እየተቀራረበና እየረዘመ ይሄዳል። ለበኩር ልጅ የምንሰጠው መለኪያ በየአምስት ደቂቃው የሚመጣ፣ አንድ ደቂቃ ያህል የሚቆይና ለአንድ ሰዓት በዚሁ ሁኔታ የዘለቀ ምጥ ነው። ከዚያ ቀደም ብለሽ ብትመጪ የማኅፀን በርሽ ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍቶ «ገና ነው» ልትባዪ ትችያለሽ፤ አትከፊ። የመጀመሪያው ክፍል በበኩር ወላጅ ረጅም ነው፤ ፈጣኑ ክፍል የሚጀምረው አምስት ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ቤትሽ ከተቋሙ ሩቅ ከሆነ ወይም ሌሊት መጓጓዣ የማይገኝበት ከሆነ ግን መለኪያውን አትጠብቂ።

ደም የተቀላቀለበት ንፍጥ መሰል ፈሳሽ ማየት ምጡ መቃረቡን ይነግርሻል እንጂ በራሱ አያስሮጥም። የሚያስሮጠው ጥቂትም ቢሆን እንደ ወር አበባ የሚፈስስ ደም ነው። የእንሽርት ውኃ ከፈሰሰም ምጥ ባይኖርሽ እንኳ ሂጂ፤ የፈሰሰበትን ሰዓት ያዢ፣ ንጹሕ ሞዴስ አድርጊና ቀለሙን ተመልከቺ። ጥርት ያለ ከሆነ ረጋ ብለሽ፣ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ በፍጥነት ነው የምትሄጂው፤ ልጁ በማኅፀን ውስጥ ዓይነ ምድር እንደወጣው ያመለክታልና። ትኩሳትም እንዲሁ ቀጠሮ አያስጠብቅም።


መልስ ከ«የሐረሯ እናት»

ልጄ፣ ማርያም በሽልም ታውጣሽ፤ የእስላም ልጅም ከሆንሽ አላህ በሰላም ይገላግልሽ። እኔ ሐረር ጀጎል አጠገብ የምኖር፣ ሦስት ልጆች ወልጄ አሁን ደግሞ የልጅ ልጅ የማርስ ሴት ነኝ፤ ስለዚህ የእናትሽን ልብ አውቀዋለሁ። አዋላጇ የጻፈችልሽን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ የምጨምርልሽ አንድ ነገር አለኝ። መውለጃውና መታረሻው አንድ ቦታ መሆን የለባቸውም። በድሮው ጊዜ ሁለቱም በእናት ቤት ነበሩና ለይተን አናያቸውም ነበር፤ ዛሬ ግን ልጁ የሚወለደው በጤና ተቋም ነው። እናትሽ የምትፈልገው ደግሞ በእኔ ግምት ምጡን ሳይሆን አራስነቱን ነው፤ ገንፎውን ማገንፋት፣ አጥሚቱን ማፍላት፣ ሌሊት ልጁን ተቀብላሽ እንድትተኚ ማድረግ። ይህንን ማንም አይከለክላትም። ክትትልሽን በጀመርሽበት ከተማ ውለጂና ሰውነትሽ ሲጠነክር፣ ልጁም ጡት በደንብ ሲይዝ፣ እርሷ ዘንድ ሄደሽ ታረሺ። ወይም ደግሞ እርሷ ትምጣልሽ። እንዲህ ብለሽ ብትነግሪያት የተከለከለች አይመስላትም።

ሐረር ቀዝቀዝ ማለቱ እውነት ነው፤ ከድሬ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ከፍ ያለ አገር ነውና አራስ እዚህ ይመቻታል። ይሁን እንጂ ለሙቀቱ ብለሽ ብቻ የምታውቅሽን አዋላጅ መተው ለእኔ አይታየኝም። ሙቀቱን ቀን ቀን በመጋደም፣ ስስ የጥጥ ልብስ በመልበስና ውኃ ሳይለይሽ በመዋል ታልፊዋለሽ።

ስለ ምግብም ልንገርሽ። በጤና ጣቢያ የሚሰጡሽን የአይረን ኪኒን ብዙ ሴቶች ሆድ ያደርቃል፣ ልጁንም ያገዝፋል ብለው ይጥሉታል። ልጁን አያገዝፈውም፤ ሆድ ማድረቁ ግን እውነት ነውና ፓፓያና ጎመን አብዢበት። ዋናው ነገር ከቡና ጋር አለመዋጥ ነው። እኛ የሐረር ሰዎች ቡናም፣ ከቡና ቅጠል የሚፈላው ቁጢም፣ ሻይም አይለየንም፤ እነዚህ ሁሉ ደም የሚሆነውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋሉ። ኪኒኑን በሎሚ ወይም በብርቱካን ውኃ ውጪ፤ ከቡናው ደግሞ አንድና ሁለት ሰዓት አርቂው። ወላድ ስትወልድ ደም ማፍሰሷ አይቀርም፤ ደሟ ሞልቶ የገባችና ደሟ አንሶ የገባች ሴት ያንኑ ያህል ቢፈስሳቸው እንኳ እኩል አይቋቋሙትም።

ጫትን እንኳ ሳላነሣው አላልፍም፤ በአገራችን እንግዳ ሲመጣ የሚቀርብ ነገር ነውና ነፍሰ ጡሯም አንድ ሁለት ቅጠል ብትል የሚያስነውር አይመስልም። ነገር ግን የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ ልጁም ክብደቱ ሳይሞላ እንዲወለድ ከሚያደርጉት ነገሮች ጋር ይያያዛል። በእርግዝናም፣ ጡት በምታጠቢበትም ጊዜ ይቅርብሽ። ጾም ቢሆን ደግሞ ሃይማኖትሽ የትኛውም ቢሆን ለነፍሰ ጡርና ለአራስ ፈቃድ አለው፤ የነፍስ አባትሽን ወይም ሼኻችሁን ጠይቂና ሕሊናሽን አሳርፊ።


መልስ ከ«የከዚራው አባት»

እኅታችን፣ እግዚአብሔር በሰላም ይገላግልዎት። ስለ ሰውነት ጉዳይ እናቶች ተናግረዋልና እኔ ለባለቤትዎ የሚሆነውን ልጻፍ፤ ቢያነቡለት ደስ ይለኛል። ወንዶች አብዛኛውን ጊዜ የምንዘጋጀው የሕፃን አልጋና ልብስ በመግዛት ነው፤ እነርሱ ግን ከተወለደም በኋላ ይደርሳሉ። ቀድመው የማይደርሱት መኪና፣ ደም፣ ገንዘብና ሰው ናቸው።

መኪናውን በተመለከተ፣ በድሬ ቀን ባጃጅ ከመንገድ አይጠፋም፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን ሌላ ነው። በሰፈራችሁ የሚያድሩ ሁለት የባጃጅ ወይም የታክሲ ሹፌሮች ስልክ ይያዝ፤ አንዱ ባያነሣ ሌላው እንዲያነሣ። ቀኑ ሲቃረብም ለሹፌሮቹ ቀድሞ ይነገራቸው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ሲሆን የጤና ጣቢያችሁ የአምቡላንስ ቁጥርም ካርዱ ጀርባ ላይ ተጽፎ ይቀመጥ። ክረምት ከገባ በኋላ ከሆነ ደግሞ የደቻቱን ወንዝ ነገር አይርሱ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣውን ጎርፍ የማያስታውስ የድሬ ሰው የለም፤ ሰማዩ በድሬ ጥርት ብሎ ሳለ በላይኛው ተራራ የዘነበው ዝናብ ወንዙን ድንገት ይሞላዋል። በደረቁ ወራት በአሸዋው ላይ የሚቋረጠው አቋራጭ በዝናብ ሌሊት መንገድ አይደለምና ሹፌሩ በድልድይ የሚሄድበትን መንገድ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ደምን በተመለከተ፣ የእርስዎ የደም ዓይነት አርኤች ኔጋቲቭ ከሆነ ባለሙያዎቹን አሁኑኑ ያነጋግሯቸው፤ ካልሆነም ከዘመድ ወይም ከጓደኛ ደም ለመስጠት ፈቃደኛ የሆኑ ሁለት ጤነኛ ሰዎችን ማወቅ ጥሩ ነው። በመንግሥት ጤና ተቋማት የማዋለድ አገልግሎት ያለ ክፍያ የሚሰጥ ነው፤ ይሁንና ከውጭ የሚገዛ መድኃኒት፣ የአስታማሚ ምግብና መጓጓዣ ገንዘብ ይፈልጋሉና በዲጂታል ብቻ ሳይሆን በጥሬ ብር የተወሰነ ይቀመጥ፤ ኔትወርክ በሌለበት ሌሊት ቴሌብር አይረዳም። እኔ በማልኖርበት ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድና የቀዶ ሕክምና ስምምነት መስጠት የሚችል ሰው ማን እንደሆነ ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን ነበር፤ ይህ ንግግር ደስ የማይል ቢሆንም ከመጣው ነገር ሁሉ የጠቀመን እርሱ ነው። ስለ ራስዎ ሕክምና የመወሰን መብቱ ግን የእርስዎ መሆኑን ባለቤትዎም ይወቁት።

ሻንጣውን ከ36ኛው ሳምንት ጀምሮ በር አጠገብ ማስቀመጥ ይበቃል። ካርዱ ከላይ ይሁን። ለእናት ሁለት ሰፋ ያለ ቀሚስ ከፊት የሚከፈት፣ ነጠላ፣ የውስጥ ልብስ፣ ወፍራም ሞዴስ፣ ሳሙናና ነጠላ ጫማ፤ ለልጁ ሁለት ሦስት ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ ቆብ፣ ካልሲና የሽንት ጨርቅ። በድሬ ሙቀት ቆብ ለምን ያሉ እንደሆነ፣ እርጥብ ሆኖ የሚወለድ ልጅ በሞቃት ክፍል ውስጥም ይበርደዋል። ቤት ከተመለሰ በኋላ ግን በብርድ ልብስ አይጠቅልሉት።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ውኃ ስለሚጠፋ ሁላችንም በበርሜልና በጀሪካን እናጠራቅማለን። በ2014 ዓ.ም. በከተማችን የተነሣው የወባ ወረርሽኝ የተያያዘው አኖፌለስ ስቴፈንሲ ከተባለችው ትንኝ ጋር ነበር፤ ይህች ትንኝ ደግሞ እንደ ሌሎቹ ረግረግ ሳትፈልግ በከተማ ቤት ውስጥ በተጠራቀመ ውኃ ትራባለች። ወባ ለነፍሰ ጡርና ለልጇ ከሌላው ሰው ይልቅ ይከፋል። በርሜሎቹ በጥብቅ ይከደኑ፣ አጎበሩ ቢሞቅም ይዘርጋ፣ ትኩሳት ከመጣም ጉንፋን ነው ሳይባል ደም ይታይ።


መልስ ከ«ሳቢያንዋ»

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የሐረሯን እናት ምክር ለእናቴ በስልክ ሳነብላት ጥቂት ዝም አለችና «እንዲህማ ከሆነ እኔው እመጣለሁ» አለችኝ። በሰኔ መጀመሪያ ትመጣለች፤ ከወለድሁ በኋላ ደግሞ አብረን ሐረር እንሄዳለን። ባለቤቴም የባጃጅ ሹፌሮቹን ስልክ ይዟል።

ለአዋላጇ ሦስት የቀሩ ጥያቄዎች አሉኝ። ተልባና ጤና አዳም በቡና ለምጥ ይረዳሉ ይባላል፤ እውነት ነው? ልጁ በዚህ ሙቀት ሲወለድ ጥቂት ውኃ ቢቀምስ ምን ይጎዳዋል? ደግሞም የመውለጃ ቀኔ ሁለት ተለያይቶ ተጽፎልኛል፤ ጤና ጣቢያ የነገሩኝና እኔ ራሴ የቆጠርሁት በአምስት ቀን ይለያያሉ። ቀኑ ቢያልፍስ ምን ይሆናል?


መልስ ከ«አዋላጇ»

እኅቴ፣ ተልባን እንደ ምግብ በመጠኑ ብትጠጪ ለሆድ ድርቀትሽ ይረዳሻል፤ ልጁን አንሸራትቶ ያወጣዋል የሚባለው ግን እንዲያው ነው። ልጁ ያለው በማኅፀን፣ ተልባው ያለው በአንጀት ነው። ጤና አዳም ለየት ይላል፤ ብዛቱ ማኅፀንን የሚያኮማትር ተክል ስለሆነ በእርግዝና ጊዜ ከቡናሽም ይውጣ። አብሽንም በእርግዝና ጊዜ በብዛት አትጠጪ፤ ለአራስነት አቆይው። ምጥ እንዲፈጥን ተብሎ በግል የሚሰጥ መርፌ ካጋጠመሽ በፍጹም እሺ አትበዪ፤ የማኅፀን መኮማተርና የልጁ የልብ ምት ሳይታይ የሚሰጥ የምጥ መርፌ ማኅፀንን ሊቀድድ ይችላል። ልጁ ከተወለደ በኋላ በጭንሽ ላይ የምንወጋሽ ኦክሲቶሲን ከዚህ የተለየ ነው፤ እርሱ ደም መፍሰስን ለመከላከል ለሁሉም ወላድ የሚሰጥ ነው። ቤት የመውለድን ነገር አጥብቄ የምቃወመውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የደም መፍሰስ ጤነኛዋንም ሴት በአጭር ሰዓት ውስጥ ይጥላታል፣ ማን ላይ እንደሚደርስም ቀድሞ አይታወቅም።

ውኃውን በተመለከተ መልሴ አይሰጠው ነው፤ በድሬም በሙቀትም ቢሆን። የእናት ጡት ወተት አብዛኛው ክፍሉ ውኃ ነው፤ ሙቀት ሲበረታ ልጁ ቶሎ ቶሎ ይጠባል፣ አንቺም አብዝተሽ ትጠጫለሽ። እስከ ስድስት ወሩ ውኃም፣ የስኳር ውኃም፣ ቅቤም አያስፈልገውም። በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ፤ መጀመሪያ የሚወጣውን ቢጫ እንገር ቆሻሻ ነው ብለው አልበው የሚደፉ እናቶች አሁንም አሉና እናትሽን አስቀድመሽ አነጋግሪያት። ከወለድሽ በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት ከተቋሙ አትውጪ፤ በሦስተኛው ቀን፣ በሁለተኛው ሳምንት ውስጥና በስድስተኛው ሳምንት ተመለሺ። ከላይ የጻፍሁልሽ የራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ከወሊድ በኋላም ሊመጣ እንደሚችል እናትሽም ትወቅ፤ ሐረር እያላችሁ ቢደርስ ወደ ድሬ ሳትመለሺ እዚያው ሆስፒታል ነው የምትሄጂው።

የቀኑ ልዩነት ምናልባት ከጳጉሜን የመጣ ይሆናል። እርግዝና ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ 280 ቀን ነው። በእኛ አቆጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን ይጨመራል፤ በመካከሉ ጳጉሜን ካለፈ ግን አምስቱ ቀን ተቀንሶ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ይሆናል፤ ጳጉሜን ስድስት በሚሆንበት ዓመት ደግሞ ዘጠኝ ወር ከአራት። የመጨረሻው የወር አበባሽ የታየው በነሐሴ ከሆነ ጳጉሜን በመካከል አለች፤ አንቺ አሥር ቀን ጨምረሽ ከሆነ የጤና ጣቢያው ቀን ነው ትክክሉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የተነሣሽው አልትራሳውንድ ካለ ከሁሉ የሚታመነው እርሱ ነው፤ አሁን የሚነሣ አልትራሳውንድ የልጁን ዕድሜ በሳምንታት ሊስት ስለሚችል በእርሱ ቀኑን አታስለውጪ።

በተባለው ቀን የሚወልዱት ጥቂቶች ናቸው፤ ከ37ኛው እስከ 42ኛው ሳምንት ያለው ሁሉ ጊዜው ነው። 40 ሲሞላ ባትወልጂ የክትትል ቀጠሮሽን ጠብቂ፣ እንቅስቃሴውን መቁጠርሽን አታቋርጪ። 41 ከሞላ ግን ቤት ሆነሽ አትጠብቂ፤ የእንሽርት ውኃው መጠን ታይቶ ምጥ በመድኃኒት እንዲጀምርልሽ ይወሰናልና ሻንጣሽን ይዘሽ ወደ ሆስፒታል ሂጂ። ካርድሽ ላይ ሁለት ቀን ተጽፎ ከሆነ በሚቀጥለው ቀጠሮሽ አንዱ ተሰርዞ የተረጋገጠው ብቻ እንዲቀር አድርጊ፤ በ41ኛው ሳምንት የሚቀበልሽ ባለሙያ የሚቆጥረው ከእርሱ ነው።